ወደ ግራ የተገመደ ገመድ

ካልጋሪ፣ ካስልሪጅ
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ የሚንሆ እናት፣

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ወደ ኋላ ካቆየሁት ሰላምታውና ወሬው ይሸሽገኛል። ልጄ ሮሚ ልጅዎን ሚንሆን ስታገባ ሠርጉ ላይ እንዳንገኝ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ወልደየስ አይደለም። ሮሚ እሱ ነው ብላ ታምናለች። ወንድሟ ቴዎፍሎስም እንደዚያው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችም እንደዚያው። ወልደየስ ከሞተ አራት ዓመት አለፈው። የእኔን ጥፋት ይዞልኝ ነው የተቀበረው።

ይህን ካወቁ በኋላ ወረቀቱን አጥፈው ቢያስቀምጡት አልቀየምዎትም። የሚቀጥሉ ከሆነ ግን የምለምንዎት አለኝ። ልጄ በነሐሴ እርስዎ ቤት ትወልዳለች ሲል ቴዎፍሎስ ነግሮኛል። ያን ጊዜ እዚያ መሆን እፈልጋለሁ። ሌላው የምጽፈው ሁሉ ይህን ልመና ለማስረዳት ነው።

ስምዎን አላውቀውም። ቴዎፍሎስን ልጠይቀው አስቤ አፈርኩ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የልጄን አማት ስም ሳላውቅ መኖሬን በራሴ አፍ መናገር ከበደኝ። በእናንተ አገር እናት በልጇ ስም እንደምትጠራ ስለ ተማርኩ የሚንሆ እናት እልዎታለሁ። በእኛም አገር የተለመደ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሮሚ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ እንግሊዝኛ ላስተምር ብላ ለአንድ ዓመት ወደ አገራችሁ ወደ ኮሪያ ሄደች። ዓመቱ ሦስት ሆነ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ጫማችንን እንኳ ሳናወልቅ ደወለች፤ ወልደየስ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሚንሆ የሚባል ልጅ እንዳለ፣ በጥቅምት ሊጋቡ እንደሆነ ነገረችን። ወልደየስ ጮኸ። “እንግዲያው አባት የለኝም በይ!” ብሎ ዘጋባት። ሮሚ ከዚያ በኋላ የአባቷን ድምፅ አልሰማችም። የምታውቀው እስከዚህ ድረስ ነው።

የማታውቀው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። የወልደየስ ቁጣ እንደዚህ ከተማ የበጋ በረዶ ነበር፤ የመኪናውን ጣራ ይቀጠቅጥና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ይወጣል። የጠጠር መኪና ነበር የሚነዳው፣ ከወንዝ ዳር እየጫነ ቤት ወደሚሠራበት ያመላልስ ነበር። በሳምንቱ ከሥራ ገብቶ አቧራውን ሳያራግፍ መሳቢያ ይበረብር ጀመር።

“ምን ጠፋህ?” አልኩት።

“ፓስፖርቴ። ያንቺንም አምጪው።”

“ለምኑ?”

“ከብት ልገዛበት! ለምን ይመስልሻል? ልጄ ናት አስካለ። እንሂድ።”

እኔ ድስት እያጠብኩ ነበር። ፊቴን እንኳ አላዞርኩም። “መሄድ ካማረህ ብቻህን ሂድ” አልኩት። “እኔ ሰው ፊት ቆሜ እልል አልልም። ሄደን ከመረቅናት እዚያው ቀረች ማለት ነው። ከተውናት ሰልችቷት ትመጣለች።”

ያገኘውን ፓስፖርት በእጁ ገለበጠ። ከዚያ “ትመጣለች ትያለሽ?” አለኝ።

“ትመጣለች።”

በልጆች ነገር ሁልጊዜ ያምነኝ ነበር። ፓስፖርቱን መልሶ አስቀመጠው፣ መሳቢያውንም በቀስታ ገፋው። ከዚያ ወዲያ አላነሳውም፤ እኔም አላነሳሁትም።

ለራሴ ሃይማኖቴ ነው እል ነበር። አልነበረም፤ ፈርቼ ነው። ሮሚ እዚሁ አጠገባችን፣ ሬድስቶን ወይም እዚያ አካባቢ ቤት ይዛ፣ እሑድ እሑድ ልጆቿን አስከትላ ምሳ ስትመጣ ስንት ጊዜ በሐሳቤ አይቻት ነበር መሰለዎት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ለአቅመ ሔዋን ከደረስኩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ደጅ የተዘጋብኝ ይመስለኝ ነበር። ልጄ ፊደሉን ወደማላውቀው አገር ስትገባ ያ ደጅ እንደገና የተዘጋብኝ መሰለኝ። ይህ ሰበብ ሊሆነኝ አይችልም። እንዲያውቁት ብቻ ነው።

ወልደየስ የሞተው በኮቪድ ጊዜ ነው። ሮሚ መምጣት አልቻለችም፤ ቀብሩን በቴዎፍሎስ ስልክ አየችው። “አባዬ ሳንታረቅ ሞተ” እያለች ስታለቅስ ከቴዎፍሎስ አጠገብ ቆሜ እሰማለሁ። አባትሽ ሊመጣ ነበር፣ የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌን አልከፈትኩም። ዝም የምትልን ሴት ማንም አይጠረጥራትም፤ ይልቁን ያዝንላታል። ያንን ሐዘኔታ ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ። ሮሚ ከዚያ ወዲህ ለወንድሟ ትደውላለች፣ ለእኔ በዓል ሲሆን ትጽፍልኛለች። አጭር፣ ጨዋ፣ ለጎረቤት የሚጻፍ ዓይነት።

ሥራዬ አቅም የከዳቸውን ሰዎች በየቤታቸው መርዳት ነው፤ ማጠብ፣ ማብሰል፣ መድኃኒት ማስታወስ። ከሐዘን እንደ ወጣሁ ከኤጀንሲው ደወሉልኝ። “ኮሪያዊት አዛውንት አሉ፤ ጠባያቸው ያስቸግራል፣ ከአንቺ በፊት የላክናቸውን መልሰዋል” አሉኝ። እኔ ኮሪያዊት የሚለውን እንጂ ሌላውን አልሰማሁም። ልጄ ምን በልታ እንደምታድር ልወቅ ብዬ እሺ አልኩ።

ኦክሱን ይባላሉ። እኔ እትዬ ኦክሱን እላቸዋለሁ፤ ቃሉን ወደውት “እትዬ ማለት ጄኔራል ማለት ነው?” ብለውኛል። ሁለታችንም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው የምንግባባው፤ የእሳቸው በአንድ በኩል ተሰብሯል፣ የእኔ በሌላ፣ ገጥሞ ይሠራል። መጀመሪያ ቀን በሩን ከፍተው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

“ልጅ አለሽ?”

“አሉኝ፣ ሁለት።”

“የታላቂቱ ስም?”

“ሮሚ።”

“እንግዲያው የሮሚ እናት ነሽ። ግቢ፣ ብርድ አስገባሽብኝ።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። የሮሚ እናት ሻዩ ቀዘቀዘ። የሮሚ እናት መነጽሬን የት ጣልሽው። ቀኑን ሙሉ በዚያ ስም ስጠራ ውዬ ቤቴ ስገባ ምን ያህል ይደክመኝ እንደነበር ልነግርዎት አልችልም።

በሚያዝያ ላይ “መኪና ትነጂያለሽ?” አሉኝ። እነዳለሁ አልኩ። ከኮክረን ከተማ አልፈን ወደ ተራሮቹ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ሄድን። እዚያ አንድ ጅረት አለ። ጎርፍና በላዩ ላይ በሞተር የሚፈነጩ ሰዎች ዳርና ዳሩን አራቁተውት አፈሩ በየዝናቡ ይናዳል። ፈቃደኞች ተሰብስበው በየዓመቱ አኻያ ይተክላሉ፤ እትዬ ኦክሱን በዚያ ዕድሜያቸው አንድም ዓመት ቀርተው አያውቁም። የሚተከለው ችግኝ እንዳይመስልዎት። ገና ቅጠል ሳያወጣ የተቆረጠ፣ ሥር የሌለው፣ ደረቅ በትር ነው። ታችኛው ጫፉ ይሾላል፣ አብዛኛው እስኪቀበር በመዶሻ ይመታል፣ ከዚያ ትተውት ይሄዳሉ። መሬቱ ገና በረዶውን አልጨረሰም፤ እያንዳንዱ ምት እስከ ትከሻዬ ድረስ ይሰማኛል። ወልደየስ ዕድሜውን ሁሉ ከወንዝ ዳር ጠጠር ሲያነሳ ኖሮ፣ እኔ መጥቼ ወንዝ ዳር እንጨት ልቸክል።

አላመንኩበትም። እኔ ከወሎ፣ ከወረኢሉ ወዲህ ካለ ገጠር ነኝ። ከድርቁ በኋላ ስንዴ እየተሰፈረልን ተራራ ሙሉ ችግኝ ተክለናል። መንግሥት የወደቀ ሰሞን ደግሞ ያንኑ ተራራ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ መልሰን አራቆትነው። እኔም ሮሚን አርግዤ በዚያ ሆዴ መጥረቢያ ይዤ ወጥቻለሁ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ይህን ነገርኳቸው።

“እትዬ፣ በትእዛዝ የተተከለ ዛፍ አይበረክትም።”

ሳቁብኝ። “እኛስ በምን የተከልን መሰለሽ? በዘፈን?” አሉኝ። ከጦርነቱ በኋላ ተራሮቻችሁ ተራቁተው ቀይ አፈር ብቻ እንደነበሩ፣ እሳቸው አዲስ ሙሽራ ሆነው አፈርና ችግኝ በአናታቸው እየተሸከሙ ሽቅብ ይወጡ እንደነበር፣ ዱቄት ይሰፈርላቸው እንደነበር ነገሩኝ።

“ታዲያ እናንተ አልቆረጣችሁትም?”

“ማን አለሽ? ቆርጠነዋል እንጂ! ልጅ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ዛፍ የሚያሳዝነው ማን ነው? አማቴ ቅርንጫፍ በቀሚሷ ሥር ደብቃ እንደ እርጉዝ ስትሄድ ጠባቂው ያያት ነበር። የእሱም ሚስት በዚያው ሳምንት ‘አርግዛ’ ስለነበር ፊቱን ያዞራል።”

“ታዲያ ተራራው በምን ለመለመ?”

“እንደገና ተከልን። ያንንም ቆረጥን፣ እንደገና ተከልን። ሌላ ምስጢር የጠበቅሽ ትመስያለሽ። ደግሞ መብራቱ ቀይ ነው፣ ቁሚ።”

በማግስቱ ሳድልታውን ላይብረሪ ሄጄ የአገራችሁን ተራሮች ፎቶ የያዘ መጽሐፍ ተዋስኩ። እንግሊዝኛ መጽሐፍ የማነበው በዝግታ ነው፣ በጣቴ እየተከተልኩ፤ ወልደየስ “ፕሮፌሰሯ” እያለ ይቀልድብኝ ነበር። በአንዱ ገጽ ተራራው እንደተላጨ ራስ ነው። በሌላው ያው ተራራ፣ ቅርጹ ያው፣ ዛፍ ለብሶ። ልጄ የምትኖረው እዚህ ሥር ነው አልኩ። መጽሐፉን የመመለሻው ቀን እስኪያልፍ ያዝኩት።

በሌላ ጊዜ ስለ መንደራቸው ዛፍ አጫወቱኝ። ተራራው ሁሉ ራቁቱን ሲቀር በመንደሩ መግቢያ ያለውን ትልቅ ዛፍ ግን የነካው አልነበረም፣ በዚያ ክፉ ጊዜ እንኳ። የሚጠብቀው ዘበኛ ሳይሆን ገመድ ነበር አሉኝ፤ የጭድ ገመድ፣ ወገቡ ላይ የተጠመጠመ። በእኛም አገር ቅጥር ውስጥ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ዛፍ መጥረቢያ አይነካውምና ወዲያው ገባኝ። አሠራሩን አሳዩኝ አልኳቸው።

ኮክረን አጠገብ ካለ ፈረስ አርቢ የገብስ ጭድ ገዝተን ወጥ ቤታቸው ወለል ላይ ተቀመጥን። ጭዱን እርጥብ ጨርቅ ላይ አለዘቡልኝ፤ በሁለት መዳፍ መሐል እየተንከባለለ ነው የሚገመደው። እኔ ከልጅነቴ የገመድኩ ነኝ፤ ፈጥኜ አንድ ክንድ የሚሆን ሠርቼ አሳየኋቸው፤ ኮርቻለሁ። ገለበጡት፣ አዩት።

“ጎበዝ” አሉኝ። “ላም እሰሪበት።”

“ምን ሆነ?”

“ወደ ቀኝ ነው የገመድሽው። ቀኝ ለሥራ ነው። ለሚጠበቅ ነገር የሚገመደው ወደ ግራ ነው። ፍቺው።”

“እትዬ፣ እኛ ዘንድ ግራ ደግ ነገር የለውም።”

“ለዚህ ነው እኮ! ክፉ መንፈስም እንዳንቺው ቀኝ ቀኙን ብቻ የለመደ ነው። ወደ ግራ የዞረ ሲያገኝ መንገዱ ይጠፋውና ይመለሳል።” ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ይህን ለፓስተሬ እንዳትነግሪ” አሉኝ።

“እኔም ለቄሱ አልነግርም” አልኳቸው።

ስድሳ ዓመት ያለፈውን መዳፍ ወደ ኋላ ማስኬድ ቀላል አይደለም። ትንሽ ከሄደ በኋላ ሐሳቤ ሌላ ጋ ሲሆን ወደ ቀኝ ይመለሳል፤ እንደገና መፍታት ነው። ያን ክረምት የገመድኩት ከፈታሁት አይበልጥም። እሳቸው ግን ታገሡኝ፤ ከእኔ በፊት የመጡትን የመለሱት በምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ልጅ ሲወለድም እንዲህ ያለ ገመድ በር ላይ እንደሚሰቀል የነገሩኝ በዚያው ወለል ላይ ነው። ለወንድ ቀይ በርበሬ፣ ለሴት ከሰልና የጥድ ቅርንጫፍ ይሰካበታል አሉ፤ ሦስት ሳምንት እስኪሞላ የውጭ ሰው አያልፍም። እኛም አራስ ቤት ማንም እየተነሳ አይገባም አልኳቸው። በዚያ ጨዋታ መሐል፣ ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ ስልኬን አውጥቼ የሮሚን ሠርግ አሳየኋቸው። ቴዎፍሎስ ከአባቱ ተደብቆ ሄዶ የቀረጸው ነው። እኔ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ የማየውን ግን አላውቀውም ነበር።

“ሰማያዊ የለበሱት የሙሽራው እናት ናቸው” አሉኝ እትዬ ኦክሱን። “ሠርጉ የሚጀመረው ሁለቱ እናቶች አብረው ወጥተው ሻማ ሲለኩሱ ነው። ሰማያዊው የእሳቸው ነው። ቀዩን የምትለኩሰው የሙሽሪት እናት ናት።” ወደ ስልኩ ቀረብ አሉ። “አንቺ የት ነሽ?”

“አሞኝ ነበር” አልኳቸው።

ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ አንድ ጭብጥ ጭድ አቀበሉኝና “ወደ ግራ” አሉ።

የሚንሆ እናት፣ እርስዎ ያን ቀን ምን እንዳደረጉ ያስታውሱ ይሆን? የራስዎን ሻማ ለኮሱ። ከዚያ ትንሽ ቆሙ፣ ወደ ቀዩ ሻማ እያዩ፣ አንድ ሰው ዘግይቶ የሚመጣ ይመስል። ማንም ሲጠፋ እሳቱን አንሥተው ቀዩንም ለኮሱት፣ ዞረውም ለባዶው ወንበሬ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ሮሚ በስተኋላ ቆማ ታያለች። ፊቷን ቴዎፍሎስ አልቀረጸውም። እኔ ያለሁበትን ሳያውቁ፣ ምን ዓይነት ሴት እንደሆንኩ ሳያውቁ፣ ቦታዬን ጠበቁልኝ። እስከ ዛሬ ማንም እንደዚያ አክብሮኝ አያውቅም፤ ያልተገባኝም ክብር ያ ነው።

ዘንድሮ እትዬ ኦክሱንን ልጃቸው ወደ ቫንኩቨር ወሰዳቸው። ደረጃው ከበዳቸው። ወደ ጅረቱ ብቻዬን ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር መቅረት ፈልጌ ነበር። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፣ መሄጃውም ምክንያቱም የእሳቸው ነበር። ስደርስ መጀመሪያ ዓመት የተከልንበት ዳር የለም፤ በረዶው ሲቀልጥ ከነአፈሩ ጠርጎ ወስዶታል። ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ላይ ደግሞ ቢቨር፣ ያ ዛፍ የሚቆረጥመው የውሃ እንስሳ፣ ገብቶ ሁሉንም ከጉልበት በታች ቆርጦታል፤ የጥርሱ ምልክት ገና ነጭ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በቃ፣ የወረኢሉ ተራራ ነው አልኩ። ወደ መኪናው ልመለስ ስነሣ ነው በቅርብ ያየሁት። ቢቨሩ ከቆረጠው ከእያንዳንዱ ጉቶ ዙሪያ ቀጫጭን ቀንበጥ ወጥቷል፤ በአንዱ በትር ፈንታ አራትና አምስት። ውሃው የወሰደው ግን እንደተወሰደ ነው፤ እሱ አልተመለሰም።

ደስ አለኝ ብል ይበዛል። ከመኪናው መዶሻ አወጣሁ። እዚያ ከነበሩት ሰዎች ጋር እስኪመሽ ተከልኩ። እትዬ ኦክሱን በዳሩ ካለው ትልቅ ዛፍ ላይ አስረውት የነበረው ገመድ ከርሞ በስብሶ ስለ ነበር አዲስ ገምጄ አሰርኩበት። ከዚያ ደወልኩላቸው።

“ወደ ግራ ነው?” አሉኝ፣ ደህና ዋልሽም ሳይሉ።

“ወደ ግራ ነው። አንድም አልፈታሁም።”

“ደህና። አሁን ለልጅሽ በር የሚሆን ሥሪ።” ሮሚ ማርገዟን ገና በዚያ ሳምንት ከቴዎፍሎስ ሰምቼ ነግሬያቸው ነበር። ቀጠሉና “የሮሚ እናት” አሉኝ፣ “ያኔ አሞሽ አልነበረም።”

“አልነበረም” አልኳቸው። ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም።

ገመዱን ሠራሁት። ሕፃኗ ሴት ናት ስለ ተባልኩ ከሰሉንም አዘጋጀሁ። በፖስታ ላክልኝ ብዬ ለቴዎፍሎስ ስሰጠው ራሱን ያዘ።

“እማ፣ ሲሪየስሊ? ጭድ? ከስተምስ ላይ ነው የሚጥሉት። ፕላንት ነገር አያስገቡም እኮ።”

“እንግዲያው እኔ ራሴ እሄዳለሁ።”

ልጄ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። “እማ… ሮሚን ኮል ላድርጋትና ልጠይቃት?”

“አይሆንም። ለሚንሆ እናት ደብዳቤ እጽፋለሁ።”

“በአማርኛ? እሷ እኮ አማርኛ አታነብም። ላፕቶፑ ላይ ልጻፈውና ወደ ኮሪያኛ ትራንስሌት ያደርገዋል፣ ቱ ሚኒትስ ነው።”

“እዚያ ቤት አማርኛ የሚያነብ አንድ ሰው አለ” አልኩት።

ገባው። ቁልፉን መልሶ አነሣ። “ኦኬ እማ” ብሎ ወጣ።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸውና። በአሁኑ ዘመን በር ላይ ገመድ የሚሰቅል እንደሌለ፣ ሴቶቹም ወልደው የሚያርፉት በክሊኒክ እንደሆነ እትዬ ኦክሱን ነግረውኛል፤ ያረጀ ነገር ይዛ መጣች ብለው ይስቁብኝ ይሆናል። ይሁን። እናንተ ዘንድ የሩዝ ማሳ እንዳለ ቴዎፍሎስ ነግሮኛል፤ ዋናው ገመድ የሚሠራው ከሩዝ ጭድ ነው። እንድመጣ ከተፈቀደልኝ ደጅዎ ላይ ተቀምጬ እገምደዋለሁ። ከተሰቀለ በኋላ ግን ወዲህ ማዶ፣ ከውጭ እቆያለሁ። እናት ነኝ ብዬ እንደ ቤተኛ ዘልዬ አልገባም። ራሴን የውጭ ሰው ያደረግኩት እኔ ነኝና የውጭ ሰው የሚጠብቀውን ሦስት ሳምንት እጠብቃለሁ። በአካባቢው አንድ ክፍል እከራያለሁ። የሚያስፈልገውን እያበሰልኩ በር ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ለአራስ የሚሰጠውን የባሕር ቅጠል ሾርባችሁን ተምሬያለሁ፤ አፌ አልወደደውም፣ ጉሮሮ ላይ ይንሸራተታል፣ አሠራሩ ግን ልክ ነው ብለውኛል እትዬ ኦክሱን። ገንፎም እሠራለሁ። እርስዎም ይቅመሱ፣ አፍዎ ባይወደው ተራው የእርስዎ ነው። ገመዱ ሲወርድ ግቢ የሚለኝ ካለ እገባለሁ። የሚለኝ ከሌለ ልጅቱ ስታለቅስ ከውጭ ሰምቼ እመለሳለሁ።

መልሱ አይሆንም ከሆነ አይሆንም ይበሉኝ። ደክሞኛል፣ ግን አይሆንም መስማት አያቅተኝም። እንዳይቀር የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወልደየስ ፓስፖርቱን አውጥቶ “ልጄ ናት፣ እንሂድ” ብሎ ነበር። የልጁ ልጅ ስለ አያቷ ስትጠይቅ ይህን እንዲነግሯት።

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልዎት። ሁለቱን ሻማ የለኮሰውን እጅዎን ይባርክልዎት። ማሳዎ ይሙላ፣ በተራራችሁ ላይ ያለው ዛፍ የልጅ ልጅዎን ያስጠልል።

አሁን ይህን ሁሉ የሰሙት በልጄ ድምፅ ነው። ካነበበችልዎት። መሐል ላይ ያቆመችበት ቦታ ካለ አያስቸኩሏት። የዘለለችው ካለም አይጠይቋት። አንድ የቀረኝ ምርቃት አለ፤ እሱን በሌላ ሰው በኩል አይልኩትም፣ ለነፍሰ ጡሯ ለራሷ ነው የሚሉት።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ፣ ልጄ።

የሮሚ እናት፣
አስካለ

ይህ ወረቀት የሚደርሰው ለሚንሆ እናት ነው፤ ከእሳቸው በፊት ግን ለምታነብላቸው፣ ለሮሚ ወልደየስ።